ጥናቱን ከታካሚዋ ቀን ጋር አስማሙት፦ የካንሰር ክሊኒካል ትራያል እንዴት ይመራል?

ሥራ የጀመርኩት ኬሞ ክፍል፣ ነርስ ሆኜ ነው። አሁን የጥናት ኮርዲኔተር ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የካንሰር ማዕከል ክሊኒካል ትራያሎችን፣ ማለትም ሕክምና በታካሚዎች ላይ የሚፈተሽባቸውን ጥናቶች፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የሰነድ ካርቶን እከታተላለሁ። በየጊዜው አዳዲስ ልጆች ይመጡልናል፤ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች። ሁሉም የጂሲፒ (የመልካም ክሊኒካዊ ምርምር አሠራር) ሥልጠና ወስደው፣ ሰርተፊኬታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ግን ሁሉም አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ሲስተር፣ ፕሮቶኮሉ እንዲህ ይላል። ታካሚዋ ደግሞ እንዲህ ናት። ምን ላድርግ?» ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

የማስተምረው ነገር አንድ ነው። ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም የጥናቱን ዝርዝር መመሪያ፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንዲት የምታውቋትን ታካሚ አስቡ። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በፕሮቶኮሉ ውስጥ አስኪዷት። ከየት ትነሳለች? ስንት ሰዓት ትደርሳለች? ማን ይዟት ይመጣል? ጠዋት ምን ትበላለች? መብራት ቢጠፋ ደሟ የት ይቀመጣል? ጥናቱ የሚሰናከልበትን ቦታ ያኔውኑ ታዩታላችሁ። ታካሚ ከገባች በኋላ ማየት ዋጋው ብዙ ነው፤ የምትከፍለውም እሷ ናት።

ጥናቱን ከመቀበላችሁ በፊት

ስፖንሰር፣ ማለትም ጥናቱን የሚያስጠናው ድርጅት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ታካሚ ታገኛላችሁ?» ብሎ ነው። ሐኪሞቻችን «ኧረ ሞልቷል!» ይላሉ። አልዋሹም። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ዘንድ ቀዳሚው ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር ይከተለዋል። ወረፋውም በዓይን ይታያል። ግን ወረፋ ላይ ያለ ሁሉ ለጥናቱ አይሆንም።

የስድስት ወር መዝገብ አውጡና መስፈርቱን አንድ በአንድ አሳልፉበት። እኔ አንድ ጊዜ በ60 ስም ጀመርኩ። በሽታው ተሰራጭቶ የመጡትን አወጣሁ። የኸር ቱ (HER2፣ የጡት ካንሰሩን ዓይነት የሚለይ) ምርመራ ያልተሠራላቸውን አወጣሁ። ሌላ ቦታ ኬሞ ጀምረው የመጡትን አወጣሁ። መጨረሻ ላይ 7 ስም ቀረ። ለስፖንሰሩም 7 ብዬ ጻፍኩ። ጥናቱ ይቀርብናል ብለው የተቆጡ ነበሩ። አልቀረም፤ የታካሚ ቁጥራችንን ዝቅ አድርገው ሰጡን። የማይደረስበት ቁጥር ተቀብሎ በኋላ ለመሙላት መሯሯጥ ግን ለጥናቱ የማትሆን ሴት ወደ ማስገባት ይመራል። እሱን እፈራለሁ።

ፕሮቶኮሉ ጨረር ካለበት ሁለቴ አስቡ። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማም ሐረማያም አለ፤ ወረፋው ግን አሁንም ረጅም ነው። «ከቀዶ ሕክምና በኋላ በዚህን ያህል ሳምንት ውስጥ» የሚል መስመር ካያችሁ የጨረር ክፍሉን ኃላፊ በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ፈቃዶቹን በትይዩ ጀምሩ፤ ሁሉም ጊዜ ይወስዳሉ። የተቋማችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አለ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። ያለ እሱ ፈቃድ ትራያሉም አይጀመርም፣ የጥናት መድኃኒቱም አይገባም፤ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ናሙና ውጭ የሚላክ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይጨመራል። ጥናቱ በሕዝብ መዝገብ መመዝገብ ያለበት የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ነው። ለአህጉራችን ጥናቶች የተቋቋመው መዝገብ ፓን አፍሪካን ክሊኒካል ትራያልስ ሬጂስትሪ ነው።

ሌላ አንድ ጥያቄ አለ። ሁልጊዜ ጠይቁ። ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ እየረዳት ያለችው ሴት ምን ትሆናለች? በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ ይህ አስቀድሞ እንዲታሰብበት ያዛል። ስፖንሰሩ «እናያለን» ካለ መልስ አይደለም። በውሉም በስምምነት ቅጹም ላይ ቁርጥ ያለ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ጠይቁ። በዚህ ጉዳይ ስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አውቃለሁ፤ አልጸጸትም።

ስምምነቱ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

አንድ ጠዋት ሁለት ወንድማማቾች ኮሪደር ላይ ያዙኝ። እናታቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ታላቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ እባክሽ ስሙን አትጥሪባቸው። ጨጓራ ነው ብለናቸዋል» አለኝ። ይህን ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ልጆቹን አትቆጧቸው፤ ፍቅር ነው ያናገራቸው። ግን ሕመሟን የማታውቅ ሰው ለጥናት መፈረም አትችልም። ብትፈርምም ፊርማው ዋጋ የለውም።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ልጆቹን አስቀምጣቸዋለሁ። እናታቸው ሳያውቁ በጥናቱ መግባት እንደማይችሉ፣ ባይገቡም መደበኛው ሕክምናቸው እንደማይቋረጥ እነግራቸዋለሁ። ቀጥዬ በእነሱ ፈቃድ እናትየውን ብቻቸውን አገኛቸዋለሁ። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ?» የዚያን ቀን እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው እንጂ፣ እዚህ የተቀመጠ ሰው በሽታውን ያጣዋል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቅጹን አብረን አነበብነው። ሁለቱ ልጆች ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

በቃላት ተጠንቀቁ። «ሙከራ» ስትሉ ሰው የሚሰማው «ሊሞክሩብኝ ነው» ነው። እኔ «ጥናት» እላለሁ። እውነቱን ግን አልሸፍንም። «አዲሱ መድኃኒት ከነባሩ ይሻል አይሻል ገና አልታወቀም። የምናጠናውም ለዚህ ነው» እላለሁ።

ታካሚዎችን በቡድን መመደብን ለማስረዳት «ዕጣ» የሚለው ቃል ይረዳል። ዕጣ የማያውቅ የለም። ግን የትኛውን ዕጣ እንደምታስቡ አስተውሉ። በዕቁብ ዕጣ ሁሉም ተራው ሲደርስ ይወጣለታል። አንዲት ታካሚ በዚህ ተረድታ «የእኔ ተራ መቼ ነው?» ብላ ወር ሙሉ ጠብቃለች። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደግሞ ላልደረሰው ምንም አይሰጥም። በእኛ ጥናት ግን ዕጣው ነባሩ ላይ የወደቀላት ሴት ሙሉ መደበኛ ሕክምናዋን ታገኛለች። ስለዚህ አሁን የምለው እንዲህ ነው፦ «ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። ሐኪምዎም እኔም መምረጥ አንችልም። አንዴ ከወጣ አይቀየርም። በየትኛውም በኩል ቢሆኑ ሕክምና አለዎት።»

ሲያልቅ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ ልጄ» ነው። «ቤት ሲመለሱ ለጎረቤትዎ ምን ብለው ይነግሯታል?» በሏቸው። ያልገባው ነገር እዚያ ይወጣል። ማንበብ ለማይችሉ ታካሚዎች ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ይሰማል። አሻራ ሲደረግ ብቻ የሚጠራ ሰው ምስክር አይባልም። ቅጹ ታካሚዋ በምትናገረው ቋንቋ ይሁን። አፋን ኦሮሞ ለምትናገር ሴት የአማርኛውን ቅጽ እየተረጎማችሁ አታንብቡላት፤ በኮሚቴ የጸደቀውን አፋን ኦሮሞ ቅጽ ስጧት። ጊዜ ካለ ቅጹን ይዛ ቤቷ ትደር።

ቁርስ ምን በሉ?

የሚዋጥ ኬሞ ያለበት ጥናት ላይ ነበርኩ። መድኃኒቱ ካፔሲታቢን ነው። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከተበላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወሰዳል። በእጃችሁ የምትቆጥሩት ፍሬና ታካሚዋ የምትሞላው ማስታወሻ መስማማት አለባቸው። የአንዲት እናት ሁለቱም ልክ ነበር። ማስታወሻው በየቀኑ ሁለት ሁለት ምልክት አለው። የቀረው ፍሬም አንድ አልጎደለም፣ አንድ አልበዛም። መዳፋቸው ግን ቀልቶ ተልጧል። የመድኃኒቱ የታወቀ ጉዳት ነውና ሊያልፈኝ ነበር። ጨዋታ ለመጀመር ያህል «ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?» አልኳቸው።

«ቁርስማ ጾም አይደል ልጄ።»

ዐቢይ ጾም ነበር። እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። የጠዋቱን ከማታው ጋር ደርበው ይውጡታል። ማስታወሻው ላይ ግን ሁለት ተብሎ ተጽፏልና ሁለት ምልክት ያደርጋሉ። በእሳቸው በኩል ምንም አልተዋሸም።

ያኔውኑ ለዋናው ተመራማሪ ነገርኩ። እንደ ፕሮቶኮል ጥሰት መዘገብነው። የምናሳውቀውን ሁሉ አሳወቅን። እማማ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ፤ ጠዋት በጾም ምግብ ቁርስ እንዲበሉ ፈቀዱላቸው። ከዚያ ወዲህ በማስታወሻችን ላይ «ሰዓት» የሚል ሳጥን ጨምረናል። ለሙስሊም ታካሚዎችም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ይህንኑ እንጠይቃለን። ጾሞቹን በጥናቱ የቀጠሮ ሰሌዳ ላይ በቀለም አስምሩ። ጸበል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከገበያ የተገዛ ቅጠል፣ ሁሉንም ሳትቆጡ ጠይቁ። የተቆጣችሁ ዕለት መልስ አታገኙም።

ቀን እና ሰዓት

የእኛ አገር ጥናት ላይ በጣም ብዙ ስህተት ያየሁት እዚህ ነው። አንድ ነርስ በካርዱ ላይ 12/6/2016 ብሎ ይጽፋል። የካቲት 12 ማለቱ ነው። መረጃ የሚያስገባው ሰው ሰኔ ወር፣ የፈረንጅ 2016 አድርጎ ያነበዋል። ትክክለኛው 20 ፌብሩዋሪ 2024 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ። «መድኃኒቱ 3:00 ተጀመረ» ይላል። የጠዋቱ ሦስት ነው፤ ሞኒተሯ፣ መዝገባችንን የምታጣራው የስፖንሰሩ ተቆጣጣሪ፣ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኬሞ ሰጣችሁ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ከመድኃኒቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደም መቀዳት ያለበት ጥናት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ያወጣሁት ሕግ ይህ ነው። ካርድ ላይ የአበሻው ቀን ይጻፍ፤ ታካሚዋ የምታውቀው እሱን ነው። አጠገቡ የፈረንጁ ቀን፣ ወሩ በፊደል ተጽፎ። ሰዓት በ24 አቆጣጠር፦ የጠዋቱ ሦስት 09:00 ነው። ከሁለቱ አንዱ የጎደለበት ወረቀት ከክፍሉ አይወጣም።

ጳጉሜንንም አትርሱ። ነሐሴ 25 ኬሞ ለወሰደች ሴት የ21 ቀን ቀጠሮዋ ጳጉሜን አምስት ሲሆን መስከረም 11 ነው። አንድ ዓመት ጳጉሜንን ዘልለን መስከረም 16 ብለን ሰጠን። አምስት ቀን ዘገየች፤ ፕሮቶኮሉ የሚፈቅደው ሦስት ነበር።

ክብደትም አለ። የኬሞ መጠን በክብደትና በቁመት ነው የሚሰላው። ታካሚዋ ጋቢዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ ሚዛን ላይ ከወጣች የለካችሁት ጋቢውንም ነው። ብርድ ነው ብላችሁ አትለፏት፤ ማሞቂያ ያለበት ክፍል ውስጥ መዝኗት። ክብደቷ በጥናቱ ከተቀመጠው ልክ በላይ ከተለወጠ መጠኑ እንደገና ይሰላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ልክ 10 በመቶ ነው።

ስህተት ስታርሙ አንድ መስመር ሰርዙበት። ከሥር ያለው ይነበብ። ትክክለኛውን ጻፉ፣ ፈርሙ፣ ቀን አድርጉ። ነጭ ማጥፊያ ቀለም ቢሮአችን ውስጥ የለም።

ከባድ ጉዳት ሲደርስ

ቋንቋችን እዚህ ያስቸግረናል። እንግሊዝኛው «ሲቪር» እና «ሲሪየስ» ብሎ ይለያቸዋል። እኛ ሁለቱንም «ከባድ» እንላለን። የመጀመሪያው የሕመሙ ጥንካሬ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ያስከተለው ነገር ነው፦ ሞት፣ ለሕይወት አስጊ መሆን፣ ሆስፒታል መተኛት ወይም መሰንበት፣ ዘላቂ የአካል ጉዳት፣ የጽንስ ጉዳት፣ ወይም ሐኪሙ ከእነዚህ እኩል ነው ያለው። ነጭ የደም ሴሏ ደረጃ 4 የወረደ ሴት ተመርምራ ቤቷ ብትመለስ «ሲሪየስ» ላይሆን ይችላል። ደረጃ 2 ትውከት ግን ሆስፒታል ካስተኛት «ሲሪየስ» ነው። ቡድናችሁ ውስጥ ሁለቱን ቃላት በእንግሊዝኛው ስማቸው ጥሩ፤ እኔ ሌላ መፍትሔ አላገኘሁም።

አንዲት ወጣት ከወሎ እየተመላለሰች ትታከም ነበር። ለሦስተኛው ዙር ስትመጣ ከፌስታሏ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የመውጫ ወረቀት ነው። በትኩሳት ሦስት ቀን ተኝታ ነበር። «እንዳትጨነቁ ብዬ አልደወልኩም» አለችኝ። ለስፖንሰር የማሳወቂያው 24 ሰዓት የሚቆጠረው እኛ ካወቅንበት ደቂቃ ነው። ወረቀቱን እንደያዝኩ ለዋናው ተመራማሪ ደወልኩ። ያልተሟላውን ሪፖርት ከሰዓት በፊት ላክን። ሁሉም እስኪሟላ አትጠብቁ፤ የጎደለው በተከታይ ሪፖርት ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዷ ታካሚ የሙቀት መለኪያ እንሰጣለን፤ በጀት ውስጥ አስገብተነዋል። ከእሱ ጋር ኪስ ውስጥ የምትገባ ካርድ አለች። «ትኩሳት 38 ከደረሰ በዚያው ሰዓት ይደውሉ። ሌሊትም ቢሆን።» ጀርባዋ ላይ ለሚያገኛት ሐኪም የተጻፈ አለ፦ ታካሚዋ ኬሞ ላይ ናት፣ የጥናቱ መለያ ይህ ነው፣ በዚህ ቁጥር ደውሉ። ስልኩን የሚያነሳ ሰው ተራ ይውጣ። አንስቶ የማይመልስ ስልክ ቁጥር ካርድ ላይ ባይጻፍ ይሻላል።

ፍሪጁ፣ ፊርማው፣ ማክሰኞ

አንድ ሰኞ ጠዋት የመድኃኒት ፍሪጁ የሙቀት መመዝገቢያ 11 ዲግሪ አሳየ። ከ2 እስከ 8 መሆን ነበረበት። ቅዳሜ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልተነሳም። በዚያ ጠዋት ሦስት ታካሚዎች ወንበር ላይ ነበሩ። እንዲህ ሲገጥማችሁ መድኃኒቱን አትስጡ፣ አትጣሉም። ለብቻው ለዩት፤ በትክክለኛው ሙቀት ውስጥ አስቀምጡት፤ «አይነካ» ብላችሁ ለጥፉበት። ከመመዝገቢያው ሙሉውን ንባብ አውጥታችሁ ለስፖንሰሩ ላኩ። በጽሑፍ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ። ለታካሚዎቹም እውነቱን ንገሯቸው። ሦስቱም ሰሙኝ። አንዷ ግን ከሩቅ መጥታ ነበርና አለቀሰች። ማረፊያዋን ለሁለት ቀን እኛ ሸፈንን። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው በጀት ላይ ይኑር። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማረፊያ የሚሰጡ ማኅበራት አሉ፤ አስቀድማችሁ ተዋወቋቸው።

ማን ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የሚያሳየው ዝርዝር ላይ ስሙ የሌለ ሰው የጥናቱን ሥራ አይነካም። ሬዚደንት ሲቀየር፣ ነርስ ወሊድ ስትወጣ፣ ያኔውኑ አስተካክሉ። የመግቢያ መስፈርት ላይ ድርድር የለም። ፕሮቶኮሉ የላቦራቶሪ ውጤቱ ከ14 ቀን ያልበለጠ ይሁን ካለ 15ኛው ቀን ላይ «አንድ ቀን ነው እኮ» የሚል ሐኪም ይኖራል። ደሙን እንደገና ቅዱ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ግማሽ ሰዓት እንሰበሰባለን። ዋናው ተመራማሪ፣ ፋርማሲው፣ ላቦራቶሪው፣ እኔ። በዚህ ሳምንት ማን ገባች? ማን ቀረች? ምን ጉዳት ደረሰ? ያልተመለሰ የሞኒተር ጥያቄ ስንት ነው? ዋናው ተመራማሪ ካልመጡ ስብሰባውን አላደርገውም። ፊርማቸው ሁሉ ላይ አለ፤ ዓይናቸውም ይኑር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። ለእያንዳንዷ ታካሚ ሦስት ቁጥር እይዛለሁ፦ የራሷን፣ የአስታማሚዋን፣ የጎረቤቷን። ለጎረቤት ስደውል ስለ ሕመሟም ስለ ጥናቱም አልናገርም፤ «ከአዲስ አበባ ነው፣ አቅርቡልኝ» ብቻ። ስትመጣ መጀመሪያ ስለ ልጆቿ እጠይቃለሁ። ቀጥሎ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ አፏ ላይ ቁስል። ከዚያ «ቁርስ ምን በላሽ?» ስልኩን ዘግቼ ፎልደሯን እከፍታለሁ፤ ያለችውን በራሷ ቃል እጽፋለሁ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በ24፣ ፊርማዬን ከሥሩ። ከዚያ የምትቀጥለዋን ቁጥር እመታለሁ።